የወረቀት ጡብ

ጡቡ ከትምህርት ቤት የተመለሰው ሐሙስ ዕለት፣ በነጭ ፖስታ ታሽጎ ነው። ዊኒ ፖስታውን ከቦርሳዋ አውጥታ ለእናቷ ሰጠችና ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ጥግ ላይ ኩርምት አለች። ልጅቷ ስምንት ዓመቷ ነው፤ በስምንት ዓመት ውስጥ አፏን የዘጋችበት ጊዜ ቢደመር አንድ ሰዓት አይሞላም። ያን ቀን ግን ትንፍሽ አላለችም።

ሞኒካ ፖስታውን ቀደደችው። ልጇ ከካርቶን የቆረጠችው፣ በቀይ እርሳስ ያቀለመችው፣ «ሪግቢ» ብላ የቤተሰቡን ስም የጻፈችበት ጡብ ወጣ። ከኋላው የለጠፈችበት ፕላስተር የግድግዳውን ቀለም ይዞ ተልጦ መጥቷል። አብሮት የመዋጮ ቅጽ አለ። ከቅጹ ራስጌ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «መዋጮው ሲደርሰን ጡባችሁን በታላቅ ደስታ እንለጥፋለን። ፔምበርተን፣ ርእሰ መምህርት።»

የደብሩ ትምህርት ቤት የመንግሥት ነው። የመምህራኑን ደመወዝ መንግሥት ይከፍላል፤ ሕንፃው ግን የቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ጣሪያው ሲያፈስ ከወጪው ከአሥር አንዱ ከምእመናን ኪስ ይወጣል። ስለዚህ በየመስከረሙ ለወላጅ ሁሉ ደብዳቤ ይደርሰዋል፦ የበጎ ፈቃድ መዋጮ፣ በልጅ መቶ ሃያ ፓውንድ። መቶ ሃያው በትልቁ ይጻፋል። «የበጎ ፈቃድ» የምትለዋ ከግርጌ፣ ጉንዳን በምታክል ፊደል ትገኛለች። በቀድሞው ርእሰ መምህር ዘመን የሰጠ ሰጠ፣ ያልሰጠ አልሰጠ፤ ማን ምን እንደጣለ ከሣጥኑ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሚስስ ፔምበርተን መጣችና የመግቢያውን ግድግዳ በወረቀት ጡብ ማስገንባት ጀመረች። የከፈለ ቤተሰብ ስሙ ጡብ ላይ ይወጣል። ያልከፈለ ቦታው ክፍት ይቀራል። ልጆቹ ደግሞ ኮታቸውን የሚሰቅሉት ልክ እዚያ ቀዳዳ ፊት ነው።

«ማነው ያወረደው?» አለች ሞኒካ።

«ሚስ ፔምበርተን።»

«ሰው እያየ?»

«ሁሉም እያዩ። ‹ይሄ እውነተኛ ጡብ አይደለም› አለችኝ። አሁን ኦሊቨር ‹የውሸት ጡብ› እያለ ይጠራኛል። እማዬ፣ ቦታው ክፍት ስለሆነ እኮ ነው የለጠፍኩት። ቀዳዳው ያስጠላ ነበር።»

ሞኒካ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስታ ፋብሪካ ውስጥ ፓይ የሚሉትን ሥጋ የተሞላ ሊጥ እያሸገች የምትውል ሴት ናት፤ ከገና ወዲህ ደግሞ ፋብሪካው የሥራ ቀኗን በግማሽ ቀንሶባታል። የዊኒ አባት ልጁ ሳትወለድ ወደ ብላክፑል ወርዶ እንደ ወረደ ቀርቷል። መቶ ሃያ ፓውንድ ቢኖራት መጀመሪያ ለልጇ ጫማ ትገዛ ነበር። ይሄ ሁሉ ግን አላስቆጣትም፤ ድህነትን ለምዳዋለች። ያቃጠላት የልጅ እጅ የሠራውን ነገር ሰው ፊት መላጥ ነው። ያችን ጡብ የኩሽናው መደርደሪያ ላይ አቆመቻት፤ በየቀኑ እንድታያት።

በማግስቱ ከሥራ በቀጥታ ትምህርት ቤት ሄደች፤ የፋብሪካው የፀጉር መሸፈኛ ግንባሯ ላይ መስመር አስምሮባታል። ሚስስ ፔምበርተን ከወንበሯ ተነስታ በሁለት እጇ ጨበጠቻት። ይቺ ሴት ክፉ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም፤ ሰውን የምታርደው በፈገግታ ነው።

«ሚስ ሪግቢ! እንዴት ደስ ይላል። ሻይ ላዝዝልዎት?»

«ሻይ አልፈልግም። የልጄን ጡብ ለምን አወረዱት?»

«አዩ፣ ግድግዳው ምስጋና ነው። ላልሰጠ ሰው ምስጋና ብናቀርብ ለሰጡት ፍትሕ ይሆናል?»

«ሕጉ በፈቃደኝነት ነው ይላል። ያልከፈለ ወላጅ ልጅ አይጎዳም ይላል።»

«እንዴታ! ማን ተገደደ? ማንም አልተገደደም። ቤተሰቡ ይጠየቃል፣ ቤተሰቡ ይወስናል።» ሚስስ ፔምበርተን ጭንቅላቷን ዘንበል አደረገች። «እግረ መንገዴን ልንገርዎት። ለዑደቱ ቀን የእመቤታችንን ሰንደቅ ሪባን የሚይዙትን አራት ልጆች ዘንድሮ ከግድግዳው ቤተሰቦች ነው የመረጥነው። ለሌላው ማበረታቻ ይሆናል። ዊኒፍሬድ ከክፍሏ ልጆች ጋር ትሄዳለች፤ እሱም ያምራል።»

ሞኒካ በሩን ከፍታ ወጣች። ብትቆይ ጠረጴዛው ይገለበጥ ነበር።

ለእንግሊዟ ላንክሻየር ሰው ስለ ዑደቱ ቀን ማስረዳት አያስፈልግም። በሰኔ፣ የደብሩ ሕዝብ በሙሉ ከነባንዱ ከተማውን ይዞራል፤ ከሁሉ ፊት ቤት የሚያክለው የእመቤታችን የሐር ሰንደቅ ይሄዳል። ሁለት ወንዶች ሁለቱን ምሰሶዎች፣ አራት ወንዶች ገመዱን ይይዛሉ። ከሰንደቁ ሥር አራት ሴት ልጆች ነጭ ለብሰው ሪባን ይዘው ይጓዛሉ። የሞኒካ አያት ያን ሪባን ይዛለች፣ እናቷ ይዛለች፣ እሷም ይዛለች። ከወንዶቹ ደግሞ አባቷ ኦስዋልድ ሠላሳ አራት ዓመት የሰንደቁ አለቃ ነበር፤ ሳንባው እምቢ ካለው ወዲህ ወንድሟ ኦስቲን ተተክቷል። የዊኒ ነጭ ቀሚስ ከመጋቢት ጀምሮ ቁም ሣጥን ውስጥ ተሰቅሏል።

ሞኒካ ቅዳሴ የማታስቀር ሴት ናት። ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት እንደሚባል ታውቃለች። ቢሆንም በዚያው እሑድ መቁጠሪያዋን እየቆጠረች በየ«ሰላም ለኪ» ጸሎቱ መሐል ያቺ ሴት ሰው ፊት ቆማ ስትለምን እንድታያት ጸለየች። ሌላ ምንም አልፈለገችም። ትለምን፤ ያውም ከፍ ባለ ድምፅ፣ በዑደቱ ቀን በሚመጡት ጳጳስ ፊት።

ከቅዳሴ በኋላ ወንዶቹ የደብሩ ክበብ ውስጥ ቢራቸውን ይዘው ተቀምጠው ነበር። ስድስቱም የሰንደቁ ሰዎች ናቸው፤ ኦስቲን ቆሻሻ መኪና ይነዳል፣ የቀሩትም የእሱ ብጤ ናቸው። ከስድስቱ ግድግዳው ላይ ስሙ ያለ አንድም የለም። ሞኒካ ጡቧን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው መሐል አስቀመጠቻት፤ የሆነውንም ነገረቻቸው።

«እኔ አፏን በቡጢ...» ሲል ጀመረ አንደኛው።

«ዝም በል፣ አንተ በቡጢ ከዝንብ ሌላ መተህ አታውቅም» አለው ኦስቲን። ከዚያ ወደ እህቱ ዞረ። «እሺ፣ ምን እናድርግ ነው የምትይው?»

«ምንም አታድርጉ። ሰንደቁን አትያዙ።»

ኦስቲን ቢራውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ሞኒ፣ ሰንደቁ የእመቤታችን ነው እንጂ የፔምበርተን አይደለም።»

«ሪባኑስ የማን ነበር? የሷ ነው? እመቤታችን መቶ ሃያ ፓውንድ ጠየቀችህ? ሠላሳ ዓመት በነፃ ትከሻችሁን ሰጥታችኋል፤ አንድ ቀን ስማችሁን የጠራ አለ? በበጎ ፈቃድ ነው የምትይዙት አይደል? እንግዲያው ዘንድሮ ፈቃድ የለም።»

ኦስቲን ጡቧን አገላብጦ አያት። የተላጠውን ቀለም በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። «ብድር በምድር» አለ በመጨረሻ፤ ቢራውንም ጨለጠ።

ለርእሰ መምህርቷ የሚላከውን የእምቢታ ደብዳቤ ሞኒካ ጻፈችው። የመዋጮውን ደብዳቤ ፊቷ ዘርግታ፣ ቃል በቃል ከሴትየዋ አፍ ነጥቃ ነው የጻፈችው፦ «ሰንደቁን መያዝ በበጎ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ነው። ቤተሰቦቻችን ተጠይቀዋል፣ ቤተሰቦቻችን ወስነዋል።» ስድስቱም ፈረሙ። ስትጽፍ በሳቅ ጥርሷ ሁሉ ይታይ ነበር።

ያልሳቀው አባቷ ብቻ ነው። ኦስዋልድ በዑደቱ ቀን ወንበሩን በሩ ላይ አውጥቶ፣ የኦክስጅን ቱቦውን አፍንጫው ላይ ሰክቶ ይቀመጣል፤ ሰንደቁ እፊቱ ሲደርስ ቆሞ ዝቅ ይልለታል። ከዓመት እስከ ዓመት የሚጠብቃት ያችኑ ቅጽበት ነው።

«ሌላ ሰው ቢያሲዙትስ?» አላት።

«ያሲዙታ! እነዚያ የግድግዳው ጌቶች ይያዙት።»

«የፋብሪካው ማዕዘን ላይ ማን ይነግራቸዋል?»

ሞኒካ ማዕዘኑን ታውቀዋለች። የድሮው የጥጥ ፋብሪካ ግንብ ከቦዩ ጋር የሚገናኝበት ማዕዘን አለ። ከተማው ውስጥ ቅጠል ባይነቃነቅም እዚያ ነፋስ አይጠፋም። ከመታጠፉ በፊት አለቃው ሰልፉን ያቆማል፤ «ዝቅ!» ብሎ ይጮኻል፤ ምሰሶዎቹ ከያዦቹ ወገብ የቆዳ ማቀፊያ ወጥተው ትከሻ ላይ ይወርዳሉ፤ ሰንደቁ ተኝቶ ያልፋል። ይሄ የትም አልተጻፈም። የያዘው ያውቀዋል፣ የያዘው ልጅ ያውቀዋል።

«ነፋሱ ፔምበርተንን አያውቃትም፣ ልጄ» አለ ሽማግሌው። «ከሰንደቁ ሥር ያገኘውን ነው የሚመታው።»

የዑደቱ ቀን ሰማዩ ጠራ። ሚስስ ፔምበርተን ሰፊ ባርኔጣ አድርጋ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ደብዳቤው ቅንጣት አላስደነገጣትም፤ ከግድግዳው ላይ ስድስት አባቶች መርጣ አዲስ ነጭ ጓንት አልብሳ አሰልፋለች። ምሰሶ ከያዙት ሁለቱ ፊተኛው የጥርስ ሐኪም ነው። ጳጳሱ ከደብሩ ካህን ከአባ ጄራልድ ጋር ቆመው ያያሉ። ኦስቲንና ጓደኞቹ ከአጥሩ ውጭ፣ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ቆመዋል።

ሞኒካ ዊኒን ወደ ክፍሏ ልጆች ልትወስዳት እጇን ስትይዝ ሴትየዋ ከፊቷ ደረሰች።

«ዊኒፍሬድ! ነይ የኔ ቆንጆ፣ ሪባንሽ ይኸው።»

ዊኒ ዓይኗ ተጎልጉሎ ሊወጣ ደረሰ። ሪባኑን በሁለት እጇ ተቀበለች። ሚስስ ፔምበርተን ወደ ሞኒካ ጆሮ ጠጋ አለች።

«የአባትዎ ፖስታ ትናንት በጎረቤት እጅ ደረሰን። ጡባችሁ ተለጥፏል። ከጡረታቸው ላይ! እንዴት ያሉ ጨዋ ሰው ናቸው። አዩ አይደል፣ ሲፈልጉ ሁሉም ይቻላል።»

በቁስል ላይ እንጨት መስደድ ይሏል ይሄ ነው።  የሞኒካ ሽማግሌ አባት ከማሞቂያው ወጪ ቀንሶ ከፍሎ፣ ያቺ ሴት ደግሞ ያሸነፈች መስሏት ፈገግ ትላለች። ሞኒካ ሪባኑን ከልጇ እጅ ነጥቃ መሄድ ፈለገች፤ የዊኒን ፊት አየችና ተወችው።

የጥርስ ሐኪሙ በዚያው ቅጽበት ዞር አለ። ክፉ ሰው አይደለም። «ይቅርታ፣ የሪግቢ ቤተሰብ ነዎት አይደል? ማወቅ ያለብን ነገር ይኖር ይሆን? በመንገድ ላይ?»

ዊኒ አጠገቡ ናት፤ ሪባኗን ጣቷ ላይ ትጠመጥማለች።

«ምንም የለም» አለች ሞኒካ። «ቀጥ ብሎ መሄድ ነው።»

ባንዱ ተነሳ። ሰንደቁ ፀሐይ ላይ ሲዘረጋ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ሞኒካ በእግረኛው መንገድ ጠርዝ፣ ከልጇ ጎን ጎን ተከተለች። በገበያው መንገድ ሰላም ነበር። በድልድዩ ላይ ሰላም ነበር። ሚስስ ፔምበርተን ከፊት ከፊት እያለች ለግራ ለቀኙ እጇን ታወዛውዛለች። ሞኒካ ማዕዘኑ ሲቃረብ ልቧ በደስታ ሲመታ ተሰማት፤ አዎ፣ በደስታ። «አሁን ታያለሽ» አለች በሆዷ። «አሁን።» ከሰንደቁ ሥር ያለውን ነጭ ቀሚስ እያየች ነው ይሄን ያለችው። አንድ ጊዜ አፏን ከፈተች። የሴትየዋ ባርኔጣ ወዲያው ዓይኗ ውስጥ ገባ፤ መልሳ ዘጋችው።

የጥርስ ሐኪሙ ሳይቆም፣ ሰንደቁንም ዝቅ ሳያደርግ ታጠፈ። ነፋሱ ከግንቡ ጀርባ ወጥቶ ሐሩን ሞላው። ምሰሶው ከማቀፊያው ተፈናጥሮ ወጣ፤ ሰውየው በጉልበቱ ተንበረከከ፤ ነጭ ጓንቶች ገመዱን ለቀቁት። ሦስቱ ልጆች ሪባናቸውን ጥለው ሮጡ። ዊኒ አልለቀቀችም። የሪግቢ ሴት ልጅ ሪባን አትለቅም ብሎ ያስተማራት አያቷ ነው። ነፋሱ በሆዷ አስተኝቶ ድንጋዩ ላይ ጎተታት፤ ከራሷ በላይ ቤት የሚያክለው ሰንደቅ ከነምሰሶው ዘመመ።

«ዝቅ!»

ድምፁ ከሞኒካ ነው የወጣው፤ ሰው ግን ሽማግሌው ኦስዋልድ የጮኸ መሰለው። «ዝቅ አድርጉት! የኋላውን ገመድ!» እሷ ራሷ የፊተኛውን ገመድ አንቃ ተንጠለጠለች። በእግረኛው መንገድ ሲከተሉ የነበሩት ስድስቱ ወንዶች ዘለው ገቡ። ምሰሶው ከዊኒ አናት አንድ ክንድ ሲቀረው የኦስቲን ትከሻ ላይ አረፈ። መዳፏ ተልጦ ሲደማ ሞኒካ አልታወቃትም።

ባንዱ ዝም ብሏል። ሰንደቁ በግማሽ ወርዶ ቆሟል፤ ከኋላ እስከ ድልድዩ ድረስ ሕዝብ ተከማችቷል። ጳጳሱ ከመኪናቸው ወርደዋል። ሚስስ ፔምበርተን ባርኔጣዋ ቦዩ ውስጥ ገብቶ፣ ፀጉሯ ቆሞ እየሮጠች መጣች።

«እግዚአብሔር ይመስገን! ጎበዞች! በሉ በሉ፣ እንቀጥል፤ ብፁዕ አባታችን እየጠበቁ ነው።»

ኦስቲን ከምሰሶው ሥር ሆኖ እህቱን አያት። የቀሩትም አዩዋት።

«በበጎ ፈቃድ ነው፣ ሚስስ ፔምበርተን» አለች ሞኒካ። «ማንም አይገደድም። ይጠይቋቸው።»

«እ... እንግዲያው እባካችሁ...»

«እንደሱ አይደለም። እርስዎ ዓርብ ዓርብ ልጆቹ ፊት የከፈሉትን በስም እየጠሩ ያመሰግኑ የለ? እነዚህንም በስማቸው ይጠይቋቸው። አንድ በአንድ።»

ሴትየዋ ኦስቲንን አየችው። ለአምስት ዓመት ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ድንኳን የተከለላትን፣ ለገና በዓል ዛፉን ተሸክሞ ያስገባላትን ሰው አየችው። አፏ ተከፈተ። ወደ ሁለተኛው ዞረች፣ ወደ ሦስተኛው። አንድም ስም አልመጣላትም።

«ግድግዳው ላይ ፈልጊያቸው!» አለች ከሕዝቡ መሐል አንዲት አሮጊት። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። የባንዱ ሰዎች ሳይቀሩ ሳቁ። የሴትየዋ ፊት ቲማቲም መሰለ። እሰይ! ሞኒካ ከዚያ ሐሙስ ጀምሮ የጠማትን ጠጣች፤ እስኪበቃት ጠጣች። ጳጳሱ ፊት፣ አባ ጄራልድ ፊት፣ ከተማው ሁሉ ፊት።

ያን ጊዜ ዊኒ ከመሬት ተነሳች። ቀሚሷ ደረቷ ላይ ተቀዷል፣ ጉልበቷ ይደማል፣ ሪባኑ አሁንም እጇ ላይ ነው። እያነከሰች ሄዳ የሚስስ ፔምበርተንን እጅጌ ሳበች። ሴትየዋ ጎንበስ ስትል በጆሮዋ ሹክ አለቻት።

«ኦስቲን» አለች ሚስስ ፔምበርተን፤ ድምፅዋ ተሰበረ። «ኦስቲን፣ እባክህ።»

ልጅቷ እንደገና ሹክ አለች። ስድስት ጊዜ። ስድስት ስም፣ ስድስት እባክህ። ሳቁ ከሁለተኛው በኋላ ጠፋ። በስድስተኛው ላይ ሴትየዋ እንባዋን በእጇ ጠረገች፤ ዊኒም የራሷን መሐረብ ሰጠቻት።

ሰንደቁ ተነሳ። በኦስዋልድ በር ላይ ቆሞ ዝቅ ሲልለት ሽማግሌው እንደ ልማዱ ባርኔጣውን አወለቀ። የልጅ ልጁን ጉልበት አየ። ከዚያ ሞኒካን አያት።

ሰኞ ዕለት መግቢያው ላይ አንድም ጡብ አልነበረም። አባ ጄራልድ ራሳቸው ናቸው ያስነሱት አሉ። ይሄ ወሬ ለሞኒካ የደረሳት ግን በኋላ ነው። በዑደቱ ቀን ከሰዓት በኋላ እናትና ልጅ ወደ ቤት ሲሄዱ፣ ሰው ሁሉ ከየበሩ እየወጣ «ሞኒ፣ እጅሽ ይባረክ!» ሲላት፣ ደስታዋ ገና አልበረደም ነበር። እጇ በመሐረብ ተጠቅልሏል። ዊኒ ሁለት እርምጃ ቀድማት ትሄዳለች።

«ያምሻል?» አለቻት ሞኒካ።

«ትንሽ።»

ጥቂት ሄዱ። ዊኒ ሳትዞር ጠየቀች።

«እማዬ፣ ማዕዘኑ ላይ ዝቅ እንደሚደረግ አያቴ ሁሌ ይነግረናል አይደል?»

«አዎ።»

«ሰውዬው ሲጠይቅሽ ምንም የለም አልሽው።»

ሞኒካ እጇ ላይ የታሰረውን መሐረብ ጠበቅ አደረገች። 

«ያን ጊዜ ሪባኑን እኔ እንደያዝኩት አይተሻል?» አለች ዊኒ።

«አይቻለሁ» አለች ሞኒካ።

ዊኒ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ሪባኑን ከጣቷ ፈትታ፣ አጣጥፋ፣ በእናቷ ያልቆሰለ እጅ ላይ አስቀመጠችላትና እያነከሰች በሩ ላይ ወዳለው የአያቷ ወንበር ሄደች።